የፖንቴ ዴ ሊማ ለቅሶ

የትምወርቅ የዶሪስን ቀኝ እግር ጭኗ ላይ አሳርፋ ጥብቁን ካልሲ ወደ ላይ እየጎተተች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ካልሲው ለደም ዝውውር የታዘዘ ስለሆነ ግትር ነው፤ ተረከዝ ላይ ደርሶ ከለቀቁት ተመልሶ ይጠቀለላል። ስለዚህ አልለቀቀችውም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ ወዲያው ደግሞ ጀመረ።

“አንሺው እንጂ” አሉ ዶሪስ። “አከታትሎ የሚደውል ሰው ጉዳይ አለው።”

ዶሪስ ሚኒሶታ ውስጥ ባለችው ሜፕልዉድ ከተማ፣ ከገበያ አዳራሽ ጀርባ ባለ አፓርትመንት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። የደከመው እግራቸው እንጂ አእምሯቸው አይደለም፤ የጎረቤቶቻቸውን የውሻ ስም ሳይቀር ይዘዋል። የትምወርቅ እሳቸውን ማጠብ፣ ማልበስና መመገብ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። በሥራ ሰዓት ስልክ ማንሳት በአሠሪዋ ድርጅት ደንብ ክልክል ነው፤ ዶሪስ ግን ደንብ የሚባል ነገር አይወዱም።

የደወለችው ማዕዶት ናት፤ አንድ ልጇ። ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፖርቱጋል ውስጥ ፖንቴ ዴ ሊማ በምትባል ጥንታዊ የገበያ ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አባቷ ሰረቀብርሃን ሊጠይቃት ከሄደ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል።

“ማሚ፣ አባዬ ደውሎልሽ ነበር?”

“አልደወለም። ምነው? አብራችሁ አይደላችሁም እንዴ?”

“ክላስ ነበረኝ። ዛሬ ገበያ ስለሆነ ዛፎቹ ሥር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ እንዲያይ ትቼው ሄድኩ። አሁን ስመለስ የለም። ስልኩን ደግሞ ቤት ቻርጅ ላይ ረስቶት ነው የወጣው።” ድምጿ ውስጥ የነበረው ብስጭት እንጂ ፍርሃት አልነበረም። “ከአንድ ሰው ጋር ወሬ ይዞ ነው የሚሆነው። ግን እኮ ምሳ አብረን እንበላለን ተባብለን ነበር።”

የትምወርቅ ካልሲውን ለቀቀችው።

ሌላ ሚስት ብትሆን “ይመጣል፤ የት ይሄዳል” ትል ነበር። ሰረቀብርሃን እኮ ዕድሜውን በሚኒያፖሊስ ሌክ ስትሪት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በረዶ መንገዱን ከሰማዩ አንድ ባደረገበት ቀን እንኳ ማቆሚያዎቹን አንድ ሳይስት ይደርስባቸው ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ለከተማው አዲስ እንግዳ ሲመጣባቸው “ካርታ አያስፈልግህም፤ ሰረቀን ጠይቀው” ይሉ ነበር። ማዕዶት የምታውቀው ይህንን አባት ነው። የትምወርቅ የምታውቀው ሌላውን ነው።

ያኛው አባት ባለፈው የበረዶ ወራት ወተት ሊገዛ ወጥቶ ቀረ። የትምወርቅ ስትፈልገው ውላ ያገኘችው ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት በለቀቁት አፓርትመንት በር ላይ ነው። ቁልፉን በማያውቀው ቀዳዳ ውስጥ እያዞረ “በሩ ምን ነካው?” ይላል። በሩን ከውስጥ የከፈተችው ሴት ሕፃን ታቅፋ ትንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሐኪም፣ ከዚያ ምርመራ፣ ከዚያ የበሽታው ስም። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ እንደሚባለው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ መርሳቱን ሁሉ እንደ እርጅና ቀልድ ሲስቁበት ነው የኖሩት።

ከሐኪም ቤት ወጥተው መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ ሰረቀብርሃን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

“ለማዕዶት አትንገሪያት።”

“ልጅህ አይደለችም እንዴ?”

“ልጄ ስለሆነች ነው። ካወቀች እኔን አታይም፤ በሽታዬን ነው የምታየው። ገና ሙሉ ሰው ሳለሁ አንድ ጊዜ ቤቷ ሄጄ ልያት። ከዚያ በኋላ ራሴ እነግራታለሁ።”

ጴንጤ አይምልም፤ የትምወርቅም አልማለችም። “በጌታ ፊት ቃሌ ነው” አለችው እንጂ። ያው ነው።

አብረው ሊሄዱ ትኬት ቆርጠው ነበር። በመጨረሻው ሳምንት የምትተካት ሠራተኛ ጠፋችና እሷ ቀረች፤ ዶሪስን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። እሱን ግን አላስቀረችውም። ልታስቀረው ስትሞክር ዓይኑን አየችው፤ በቃ። “ጉልበቱን ያመዋል” ብላ አየር መንገዱን ተሽከርካሪ ወንበር አዘዘችለት። ይህ የአገራችን ሰው የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቋንቋ የማይችሉ እናቶች ሁሉ ጉልበታቸው ደህና ሆኖ ሳለ በወንበር እየተገፉ፣ ከእጅ ወደ እጅ እንደ አደራ ዕቃ እየተላለፉ ነው ውቅያኖስ የሚሻገሩት። ሰረቀብርሃንም እንዲያ ሆኖ ተሻገረ። ፖርቶ አየር ማረፊያ ልጁን ሲያይ ከወንበሩ ተነስቶ ሮጠ አሉ፤ ማዕዶት እየሳቀች “የአባዬን ጉልበት ጌታ ፈወሰው” ብላ ደወለች።

ከዚያ ወዲህ የትምወርቅ በየቀኑ ከእንቅልፏ እንደነቃች፣ ልጇ ክፍል ውስጥ በምትሆንበት ሰዓት፣ በስውር ትደውልለታለች። ቀኑን ትነግረዋለች። ትናንት የት እንደዋለ ታስታውሰዋለች። የልጅቷን ጓደኛ ስም ታስጠናዋለች። ማታ ደግሞ ማዕዶት ደውላ “ማሚ፣ አባዬ እኮ ሁሉን ነገር ያስታውሳል” ስትል የትምወርቅ ዝም ብላ ታዳምጣለች።

ትናንት እሑድ ልጅቷ በመኪና በዙሪያው ያሉትን መንደሮች ስታዞረው ውላ ነበር። ማታ ደውሎ ያየውን ሲነግራት ደስታው ልጅ አድርጎት ነበር። “ለበቆሎ ጎተራ የድንጋይ ቤት ሠርተውለታል፣ የትሜ። አይጥ እንዳይወጣበት እግር አለው፤ ጣሪያው ላይ መስቀል አለው። ወይናቸውን ደግሞ በድንጋይ ምሰሶ ከሰው ራስ በላይ አውጥተውታል፤ ከሥሩ ጎመን ይተክላሉ። ሰነፍ የለም እዚህ አገር።” ቀጥሎ “ነገ ደግሞ ገበያ ነው። ሰኞ! የባቲ ገበያ ነው በይው” ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አብራው ለመሳቅ ጥቂት ዘገየች። ቀልዱ ይሁን ሌላው ነገር መለየት ነበረባት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እንቅልፍ ጥሏት አልደወለችለትም። ከሁሉ በላይ የቆጫት ይህ ነው።

“ካሜራውን ክፈቺው” አለቻት ልጇን። “አብረን እንፈልገው።”

ማዕዶት በረጅሙ ተነፈሰች፤ ግን ከፈተችው። ከተማዋ በስልኩ መስታወት ውስጥ ብቅ አለች። ብዙ ቅስት ያለው ረጅሙ የድንጋይ ድልድይ፣ ወንዙ፣ በወንዙ ዳር ሁለት መስመር ሠርተው የቆሙት ግዙፍ ዛፎች፣ ከሥራቸው አግዳሚዎቹ። የትምወርቅ አንድም ቀን ሳትረግጣቸው ቦታዎቹን በቪዲዮ ለይታ አውቃቸዋለች። ገበያው የሚቆመው በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ፣ ወንዙ ዳር ባለው አሸዋማ ሜዳ ላይ ነው፤ ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ እንዲሁ ነው ይላሉ። አሁን ሊበተን ደርሷል። ነጋዴዎቹ ሸራቸውን ያጥፋሉ። ያልተሸጡ ዶሮዎች በሳጥናቸው ወደ መኪና ይጫናሉ። እንደ ማገዶ የተደረደረ ደረቅ ዓሣ፣ የመዳብ ድስት፣ የጎመን ችግኝ፣ የበፍታ ጨርቅ እየተራ አለፈ።

“ወደ ግራ አዙሪው” አለች የትምወርቅ።

“በየት በኩል ግራ? ያንቺ ወይስ የኔ?”

“እዚያ፣ እዚያ! ባርኔጣ ያደረገው!”

“ማሚ፣ ነጭ ሰውዬ እኮ ነው።”

“ከኋላው በምን ይታወቃል?”

“ይታወቃል!”

ዶሪስ አንድ እግራቸው በካልሲ፣ አንድ እግራቸው ባዶ ሆኖ፣ የትምወርቅ ነገሩን በእንግሊዝኛ ስትነግራቸው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። “ምን ለብሶ ነበር?”

“ግራጫ ኮትና ባርኔጣ” አለች ማዕዶት።

“ታዲያ ሁሉም ያንኑ አይደል የለበሱት?” አሉ ዶሪስ። እውነታቸውን ነው። የዚያ ገበያ ሽማግሌ ሁሉ ግራጫ ኮትና ባርኔጣ ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። የትምወርቅ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ባሏን እያየች፣ ጀርባው ዞሮ ፊት ሲሆን ልቧ ይወርድ ጀመር። ማዕዶት ወደ ቀኝ ስትዞር፣ ለእናቷ እሱ ያለው በግራ ይመስላታል። ስልኩን ይዛ የምትራመደው እሷ ብትሆን አሁን ታገኘው ነበር፤ እንዲህ ነበር የሚሰማት።

ካሜራው ወደ ወንዙ ዞረ። ውሃው ሰፊና ዝምተኛ ነው።

“ወንዙን አታሳዪኝ!” ብላ ጮኸች።

“ማሚ፣ ምን ሆነሻል? ሪላክስ አድርጊ እንጂ። አባዬ ነው እኮ። አባዬ ሎስት ሆኖ አያውቅም።”

የትምወርቅ ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ውጭ ቀጭን በረዶ በገበያ አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ላይ መውረድ ጀምሯል። ቃሏን ታስባለች፤ ባሏን ታስባለች። ቃሉን ያስገባት ሰው ተመልሶ እስኪወቅሳት ድረስ እንኳ በሕይወት መገኘት አለበት።

“ማዕዶት፣ ስሚኝ። አባትሽ አሁን ይጠፋል።”

“ምን ማለት ነው?”

“መንገዱ ይጠፋዋል። ቀኑ ይጠፋዋል። አሞታል፣ ልጄ። የመርሳት በሽታ ነው ብለውናል። ካወቅን ወራት ሆነን።”

በስልኩ ውስጥ የሚታየው አሸዋ ብቻ ሆነ፤ የማዕዶት እጅ ወርዷል። ሰው ሲያልፍ፣ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማል። በኋላ የመለሰችው በእንግሊዝኛ ነበር። ስትናደድ መጀመሪያ ጥሏት የሚሄደው አማርኛዋ ነው።

“እያወቅሽ ብቻውን አውሮፕላን ላይ ጫንሽው። እኔም እንደ ሻንጣ አግዳሚ ላይ ትቼው ሄድኩ።”

“ቃል አስገብቶኝ ነው።”

“በሽተኛ ሰው ያስገባሽን ቃል?”

“ለኔ በሽተኛ አይደለም። ባሌ ነው።”

“እኔስ ማን ነኝ?” አለች ማዕዶት። መልስ አልጠበቀችም። “ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ” ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ የነበረው መጠበቅ ብቻ ነው። የትምወርቅ ካልሲውን እንደገና ከጣት ጀምራ አለበሰች። አልጋውን አነጠፈች። ያነጠፈችውን አልጋ አፍርሳ ደግማ አነጠፈች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘችውን የፖንቴ ዴ ሊማ ሆቴል ስልክ ደወለች። ያነሳው ልጅ ደግ ነበር፤ እንግሊዝኛም ይችላል። ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ አይቶ እንደሆነ ጠየቀችው።

“እመቤቴ፣ ዛሬ ገበያ ነው” አለ ልጁ በሐዘኔታ። “ከተማው በሙሉ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ነው።”

“ጥቁር ነው። ከአፍሪካ። ከአሜሪካ።”

“ካየሁ እደውላለሁ” አላት፤ ስልኳንም መዘገበ። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

የቤተ ክርስቲያን እህቶች የጸሎት ቡድን በቴሌግራም አላቸው። “እህቶቼ፣ ልዩ የጸሎት ርዕስ አለኝ፤ ጌታ ያውቀዋል” ብላ ጻፈች። ጉዳዩን መጻፍ ግን አቃታት፤ ልጇ በሰማችበት ሰዓት ሚኒያፖሊስ እንዲሰማ አልፈለገችም። አሜን ተከታተለ፤ የተጋጠመ እጅ ተደረደረ። አንዷ “ስለ ሥራ ነው፣ የኔ እህት?” ብላ ጠየቀች። አሜን ወንዝ ዳር ሄዶ ሰው አይፈልግም ብላ አሰበች የትምወርቅ፤ ወዲያው በራሷ ደንግጣ ንስሐ ገባች።

ማዕዶት ሲደወልላት አታነሳም። አንድ ጊዜ ብቻ “እየፈለግን ነው” የሚል መልእክት መጣ። እዚያ ከዚህ ስድስት ሰዓት ይቀድማል። እዚህ ገና ረፋድ ነው፤ በረዶው እየቆመ ፀሐይ ሊወጣ ነው። እዚያ ግን ቀኑ እየተጠናቀቀ ነው። ለየትምወርቅ ይህ ሊገባት አልቻለም። እዚህ እንዲህ ብርሃን ሞልቶ ተርፎ፣ ለሱ ጥቂቱን መላክ የማይቻለው ለምንድን ነው?

ዶሪስ ሾርባቸውን ሳይነኩ ሲያዩዋት ቆዩ።

“ሂጂ እንጂ” አሉ በመጨረሻ። “እኔ ዛሬ ያላንቺ አልሞትም። እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ።”

“የት ልሂድ?” አለች የትምወርቅ።

የትምወርቅ ቦርሳዋን አንስታ ነበር፤ የመኪናዋን ቁልፍ በእጇ ይዛለች። ብትነዳ የት ትደርሳለች? ሴንት ፖል ትደርሳለች። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንበር ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ዶሪስ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አደረጉ። የሰው አገር ሰው ቢሆኑም እጃቸው የእናት ነበር።

ስልኩ የጮኸው ዶሪስን ወደ አልጋ ልትመልስ ስትደግፋቸው ነው። በአንድ እጇ አሮጊቷን፣ በሌላው ስልኩን ያዘች።

“ተገኘ” አለች ማዕዶት። ድምጿ ሰልሏል፤ ግን አማርኛዋ ተመልሷል። “ደህና ነው ማሚ። ምንም አልሆነም። ለቅሶ ቤት ነው ያለው።”

“የማን ለቅሶ?”

“አላውቅም! እሱም አያውቅም!”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰረቀብርሃን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ገበያውን ሲያይ፣ ከጀርባው ካለው ቤተ ክርስቲያን ደወል እየተደወለ አስከሬን ወጣ። ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ በእግሩ ተከተለ። ሰረቀብርሃን ብድግ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ አንገቱን ደፋ፤ ከኋላ ተከተለ። አስከሬኑ በመኪና ተጭኖ ለቀስተኛው ወደ ሟቹ መንደር ሊወስደው በቆመው አውቶቡስ ሲሳፈር፣ እሱም ተሳፈረ። ኮት የለበሰ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ የያዘና ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሽማግሌን በቀብር ቀን “አንተ ማነህ?” የሚል ማን ነው? ሟቹ ዕድሜያቸውን ፈረንሳይ አገር በግንባታ ሥራ ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ የጥንት የሥራ ጓደኛቸው ከሩቅ አገር የመጣ መሰለው። ከፊት አስቀመጡት። አፈር ሲለብስ ጭብጥ አፈር እንዲያለብስ አደረጉት። ፖሊሱ ከገበያው አበባ ሻጮች አንዷን ጠይቆ ዱካውን እስኪያገኝ ድረስ፣ እሱ መንደሩ ውስጥ፣ የሟቹ ሳሎን፣ ከመበለቲቱ ቀጥሎ ተቀምጦ ነበር።

የትምወርቅ ሳቀች። ዶሪስ ደንግጠው እስኪያዩዋት ድረስ፣ እያለቀሰች ሳቀች።

“ምን ያስቅሻል?” አለች ማዕዶት።

“ምን ያድርግ ታዲያ? አስከሬን እያለፈ ቁጭ ይበል? የት ያደገ ሰው ነው ቁጭ የሚለው?”

“ማሚ፣ የማያውቀው ሰው እኮ ነው።”

“ቢሆንስ? አባትሽ ድሮም ያደርገዋል። አንቺ ሳትወለጂ በሰው አገር ስንት የማናውቀውን ሰው ቀብረናል መሰለሽ?”

ከማዕዶት ኋላ የሴቶች የጸሎት ድምፅ ይሰማል፤ እየተቀባበሉ ደጋግመው አንድ ነገር ይላሉ። “እሱን ነው የምጠይቅሽ” አለች። “ይሄ በሽታው ነው ወይስ አባዬ ነው?”

የትምወርቅ ዶሪስን አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። “እንጃ፣ ልጄ” አለች።

“ሲያየኝ ብድግ ብሎ አቀፈኝ” አለች ማዕዶት። “እንደዚህ አቅፎኝ አያውቅም። አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ማሚ፣ የተናገርኩሽን... ይቅርታ።”

“ምንም አይደል። ደግም አደረግሽ። አሁን እሱን አሳዪኝ።”

ካሜራው ተከፈተ። ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው የድንጋይ ቤት ነው። መብራት በርቷል፤ በመስኮቱ በኩል ጨለማው ገብቷል። በግድግዳው ጥግ ጥቁር የለበሱ ሴቶች በተርታ ተቀምጠዋል። ሰረቀብርሃን መሀላቸው ነው፤ ኮቱን ቆልፎ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ፊቱ ሰላም ነው። እንዲህ የረጋ ፊት ካየችበት ብዙ ጊዜዋ ነው። ማዕዶት አጠገቡ ተቀምጣ ስልኩን አስያዘችው፤ በግማሽ ፊቷ ከስክሪኑ ዳር ትታያለች።

“የትሜ!” አለ። “ለምን ቀረሽ?”

“ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰረቀ።”

“ለቅሶ እያለ ምን ሥራ አለ? ሰው ምን ይለናል?” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ደግ ሰው ነበር መሰለኝ። ሰው እንዴት እንደወጣለት ብታዪ! ገበያው ተፈቶ ነው የመጣው።”

“እህል ቀምሰሃል?”

“የጎመን ሾርባ ሰጡኝ። ዳቦውም ጥሩ ነው። አንቺ ብቻ ነሽ የጎደልሽ። እሷም ልጅሽ ጎድላለች።”

“ማን?”

“ማዕዶት ነቻ። ቀኑን ሙሉ ዓይኔ በሩ ላይ ነው፤ አልመጣችም። የዛሬ ልጆች ለቅሶ መድረስ አያውቁም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ አላስተማርናቸውም።”

ከስክሪኑ ዳር ያለው ግማሽ ፊት አልተንቀሳቀሰም። የሰረቀብርሃን ግራ እጅ የማዕዶትን እጅ እንደያዘ ነው፤ በአውራ ጣቱ ጀርባውን ያሻሽላል። ውቅያኖስ የተሻገረው ይህችን ልጅ በሙሉ አእምሮው ሊያያት ነበር።

“ይቺ ልጅ ግን” አለ፤ ልጅቷ እንዳትሰማው አፉን ወደ ስልኩ አስጠግቶ። “ከሟቹ ልጆች አንዷ ሳትሆን አትቀርም። ከገባች ጀምሮ አልቅሳ አልወጣላትም። አቅፌም አባበልኳት፤ እምቢ አላት። ምን ልበላት? አንቺ ትችይበታለሽ።”

ከታመመ ጀምሮ የትምወርቅ ሥራ ማረም ነበር። “ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ያንን ቤት ለቀነዋል፤ እሱ ሰውዬ ሞቷል” ስትለው ኖራለች። ማረሟን የተወች ቀን እጇን የሰጠች ቀን መስሏት ስለሚያስፈራት፣ ሲቆጣም ሲያፍርም እያየች ታርመው ነበር። አሁንም “እሷ ናት እኮ ማዕዶት” የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል። ማዕዶት ከስክሪኑ ዳር በከንፈሯ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ “ንገሪው” ትላለች።

ብትነግረው ምን ይሆናል? ያ የረጋ ፊት በማያውቀው ሰው ቤት፣ በማያውቀው ሕዝብ ፊት ይፈርሳል። ልጁን አላወቅሁም ብሎ ያፍራል፤ ነገ ደግሞ ማፈሩን ይረሳና እንደገና አያውቃትም። ደርሳ ልትይዘው አትችልም። ልጇንም ደርሳ ልትይዛት አትችልም። ከሜፕልዉድ ሆና የምትችለው አንድ ቃል መናገር ብቻ ነው።

“አዎ፣ ሰረቀ” አለችው። “አባቷን አጥታ ነው። እጇን እንዳትለቃት፤ አጽናናት።”

ማዕዶት ዓይኗን ጨፈነች።

ሰረቀብርሃን የታዘዘውን ሊፈጽም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ከዚያ በኋላ ለየትምወርቅ የሚታያት የማታውቀው ቤት ጣሪያ ብቻ ሆነ፤ ጥቁር ወራጅ እንጨት፣ ከመሀሉ አንድ አምፖል። አልዘጋችውም። የሴቶቹ ጸሎት ጋብ ሲል የባሏ ድምፅ ተሰማት።

“አይዞሽ፣ የኔ ልጅ” ይላል። “ሐዘንን ብቻሽን አትያዢው። እኔም ያንቺ እኩያ ሴት ልጅ አለችኝ፤ እዚሁ ከተማ አስተማሪ ናት። አሁን ትመጣለች። ስትመጣ አስተዋውቅሻለሁ፤ ደግ ልጅ ናት፣ እሷ አትተውሽም።”

የትምወርቅ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች።

“እሺ” አለች ማዕዶት በአማርኛ። “እጠብቃታለሁ።”